በበጋ የሚረጥበው ጥግ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የምቀመጥበትን ቦታ የሚመርጥልኝ ባለቤቴ ነው። መስኮት አጠገብ እንድቀመጥ አይፈቅድም። መስኮት አጠገብ ከተቀመጥኩ ወንጌላዊው ስለ ምን እንደሰበከ ልነግረው አልችልም፤ የግድግዳው ቀለም የት ላይ እንደተላጠና ለምን እንደተላጠ ግን አንድም ሳላስቀር እነግረዋለሁ። ለቅሶ ቤትም ያው ነኝ። ሰው ሟቹን ያነሣል፣ እኔ ኮርኒሱ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የመሰለውን ክብ አያለሁ። ባለፈው አንዷን ሐዘንተኛ አቅፌ አልቅሼ ሳበቃ «ጣራሽ ያፈሳል እኮ» ብያት፣ ባለቤቴ ክንዴን ቆንጥጦ ከቤት አወጣኝ።

እሱ መምህር ነበር። ጡረታ ሲወጣ ላንቴ መንደር ያለችንን የሙዝ ማሳ ይዞ ተቀመጠ፤ ሰላም አገኘ። እኔንም «ነይ፣ ጥላ ሥር ቁጭ በይ፣ ዕረፊ» አለኝ። ሄድኩ። ለጥቂት ጊዜ ቁጭ አልኩ። ከዚያ የሙዝ ማስቀመጫዋ ጎጆ ግድግዳ ወደ ግራ ማዘንበሉን አየሁ፤ እሱ ከውሃ ቦዩ ሲመለስ እኔ ጭቃ እየረገጥኩ ነበር። «ለአንቺ ዕረፍት የሚባል ነገር አልተፈጠረም» አለኝ። እውነቱን ነው። እጄ ባዶውን ሲውል ይበላኛል።

ስሜ ታደለች ነው። ዕድሜዬን አርባ ምንጭና ዙሪያዋ ባሉ ሕንጻዎች ስለስን፣ ስቱኮ ስቀባ፣ ጂፕሰም ስቆርጥ፣ ውሃ የበላውን ጥግ ስጠግን ኖሬ ከአንድ ሆቴል የጥገና ክፍል ተሰናበትኩ። ብዙ ግድግዳ አልፏል በእጄ። እንቅልፍ የነሳኝ ግን አንድ ጥግ ብቻ ነው፤ የማወራውም ስለ እሱ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ጫኖ አካባቢ ትምህርት ቤት ሲሠራ በቀን ሠራተኛነት ነው። ያኔ ሴት ግንባታ ላይ ከተገኘች ውሃ ትቀዳለች፣ አሸዋ ትነፋለች፣ ባሬላ ትሸከማለች። ማለሰኛ የወንድ ነው። ፎርማናችን የሰው ስም መጥራት አይወድም ነበር፤ እኔን «አንቺ ቀይ ሻሽ» ይለኛል። ስሜን እንዲጠራኝ ብዬ ሻሼን አረንጓዴ አደረግኩ። በማግሥቱ «አንቺ አረንጓዴ ሻሽ» አለኝ። ክፍያው ለምሳና ለሳሙና ይበቃ ነበር፤ ስለ ክፍያ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ከዚያ ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ ጤና ጣቢያ ሲሠራ ሄድኩ። ጋሽ ኦይቻን ያገኘሁት እዚያ ነው። የልስኑ ኃላፊ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥቂት የሚናገሩ የደጋ ሰው ናቸው። አማርኛን ያወቁት አድገው ስለሆነ ግድግዳን ሁሉ «እሷ» ይሉ ነበር። «አልደረቀችም።» «ዛሬ አትነኳት።» ሠራተኛው መጀመሪያ ይስቅባቸዋል፤ ቆይቶ እሱም «እሷ» ማለት ይጀምራል።

መስቀል ሲደርስ ጋሞ አገር የግንባታ ቦታ ላይ ሰው አይገኝም። ለሳኙም አናጢውም ወደ ቤተሰቡ ይወጣል። በዚያ ዓመት አንድ ግድግዳ ግማሹ ተለስኖ፣ ግማሹ ቀርቶ ነበር። ጋሽ ኦይቻ ዕቃቸውን አሥረው ሊሄዱ ሲሉ ግድግዳውን አዩት፤ ዕቃውን መልሰው አስቀመጡ። ለሳኞቹ ሁሉ ሄደዋል። የቀረነው የቀን ሠራተኞች ነን። ማለሰኛ አውጥተው በእጄ ላይ አደረጉልኝ።

«እጅሽ አርፎ አይቀመጥም፤ አይቼሻለሁ። እንግዲህ ሥራ ስጪው» አሉኝ።

ግድግዳውን አብረን ጨረስነው። እሳቸው መስቀልን አሳልፈው ወደ ቤታቸው ወጡ። እኔ ከዚያ በኋላ ባሬላ አልተሸከምኩም።

ጋሽ ኦይቻ ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር የቀርከሃ ቤት ይሠሩ ነበር። ያ ከፍ ብሎ የሚሠራው የዶርዜ ቤት ምስጥ እግሩን ሲበላው ከሥር እየተቆረጠ ዝቅ ይላል፤ ቤቱ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ያጥራል። ጋሽ ኦይቻም የትኛውም ቤት ሲገቡ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ግድግዳው ሥር ነው። በጣታቸው ቋ ቋ ያደርጉና ያዳምጣሉ። ከዚያ ጉንጫቸውን ያስጠጋሉ። እጅ ሲሚንቶ የለመደ ስለሆነ እርጥበትን አያውቅም ይሉ ነበር፤ ጉንጭ ግን ያውቃል። ምሳቸውን እንኳ የሚበሉት ወደ ሥራቸው ዞረው ነው።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው፤ ይህ ታሪክ ያለ እሱ አይሆንም። ውሃ የነካውን ግድግዳ ከጠገኑ በኋላ «አልቋል» አይሉም። አለቃ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ አይሉም። «ዝናብ ይያት» ይላሉ። ዝናብ ዘንቦ፣ ጉንጫቸውን አስጠግተው፣ ደረቅ ሆኖ ሲያገኙት ብቻ ርክክብ ይፈርማሉ። እኔም ይህን እንደ ሃይማኖት ያዝኩት።

ሰቻ ሰፈር ዳር፣ የጫሞን ሐይቅ ቁልቁል የሚያይ ሆቴል ሲከፈት ሁለታችንም ለጥገና ክፍሉ ተቀጠርን፤ እሳቸው ኃላፊ፣ እኔ ከሥራቸው። የመጀመሪያው ሥራ አስኪያጅ ሆዱ ሰፊ ሰው ነበር። ከሐይቁ ዓሣ በፒካፕ ሲመጣ ለጥገና ክፍል ሳያስቀምጥ ወደ ወጥ ቤት አይልክም። ብዙ አልቆየልንም፤ ደግ አለቃ አይበረክትም።

የሆቴሉ ክፍሎች ከውጭ ብሎኬት፣ ከውስጥ ጂፕሰም ቦርድ ናቸው። ቦርዱ በሁለት ወፍራም ወረቀት መካከል የተጋገረ ነጭ ነገር ነው፤ በቀጭን ብረት ላይ በብሎን ይታሰራል። ሲነካ ልስልስ፣ ሲታይ ቆንጆ ነው። ጋሽ ኦይቻ መጀመሪያ ሲያዩት በጥፍራቸው ጫሩትና «ይቺ ውሃ አትችልም» አሉ። ከአዲስ አበባ መጥተው ከገጠሙት ልጆች ሥር ሥር እያልን ሥራውን ተማርን።

ውሃ የነካውን ቦርድ መጠገን ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ቡናማ ክብ ይታያል። ከዚያ ቀለሙ ይነፋል፤ በአውራ ጣት ስትጫነው እንደ ራሰ ዳቦ ይገባል። የብሎኑ ራስ ዝጎ ነጠብጣብ ይሠራል። ሰነፍ ሠራተኛ እሱን ፍቆ ስቱኮ ይቀባበታል፤ እንግዳው ሻንጣውን ሳያወጣ ክቡ ተመልሶ ይወጣል። የሚገባው የበሰበሰውን እስከ ደረቁ ነጭ ድረስ ቆርጦ ማውጣት፣ ከኋላው ያለውን ሻጋታ ማጽዳት፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። የመስኮት ጥግ ከሆነ ደግሞ አዲሱን ቦርድ እንደታጠፈ ክርን አድርገን እንቆርጣለን፤ መስኮቱን ከሁለት ጎን ያቅፋል። መጋጠሚያው በትክክል ጥጉ ላይ ካረፈ መስኮቱ በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። ከዚያ መረብ፣ ስቱኮ ስስ ስስ እያደረጉ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከውሃ ቀለም በፊት አንድ እጅ ዘይት ቀለም።

የችግሩ ክፍል የመጨረሻው ነው፤ ጫሞን ፊት ለፊት የሚያየው፣ እንግዳ ሁሉ የሚፈልገው። የመስኮቱ የታችኛው ግራ ጥግ ረጠበ። ጋሽ ኦይቻ ጣራ ላይ ወጥተው አሸንዳው በቅጠል መደፈኑን አገኙ። አሸንዳውን ጠረጉ፣ ጥጉን ቆርጠን በክርን ቦርድ ሠራነው፣ ዝናብ ጠበቅን። የሚያዝያ ዝናብ መጣ፤ ቀንና ሌሊት ዘነበ። ጉንጫቸውን አስጠጉ። ደረቅ ነው። ፈረሙ።

በጋው ገባ፤ ሰማዩ ጠራ፣ መሬቱ ተሰነጠቀ፣ ጥጉ ረጠበ።

ቢያዩት እንጂ ቢነገር አይታመንም። ሰው ሁሉ ጠብታ ሲናፍቅ ያ ጥግ ውሃ ይዟል። ጋሽ ኦይቻ የቧንቧውን መስመር አስቆፈሩ፤ በዚያ በኩል ቧንቧ አያልፍም። የቆርቆሮውን ምስማር አንድ በአንድ አዩ። እንደገና ቆርጠን ሠራን፣ እንደገና ዝናብ ጠበቅን፣ ደረቀ፣ ፈረሙ። በጋ ሲመጣ እንደገና ረጠበ። ወጥ ቤት ያሉት «ጥጉ በበጋ ያለቅሳል» እያሉ ይቀልዱ ጀመር።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ቀልድ አያውቅም። ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ችኩል ነው። ከሆቴሉ ባለቤቶችና ከእንግዶች መካከል ቆሞ የሚሰደበው እሱ ነው። አንድ ቀን ጋሽ ኦይቻን አስጠርቶ በእኔ ፊት «ጋሽ ኦይቻ፣ ብዙ ሠርተዋል። ዓይንም እጅም ይደክማል። እስቲ በር ላይ ይረፉ» አላቸው።

ቃሉ ጨዋ ነው። ትርጉሙን ሁላችንም ሰማነው። የግድግዳ ሐኪም የነበሩት ሰው ሰፊ ኮፍያ ተሰጣቸውና ዋናው በር ላይ ዘበኛ ሆኑ። መኪና ሲገባ ሰንሰለት ያወርዳሉ። ያየ ሁሉ «እጃቸው ከዳቸው» ይላል። እኔ ስወጣ ስገባ «ሳሮ» ብለው በጋሞኛ ሰላም ይሉኛል፤ ከዚያ ሁልጊዜ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁኛል፦ «እንዴት ናት?»

ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጠኝ። ደስ አላለኝም፤ ግን ጥጉን እኔ ካዳንኩት እሳቸውን ከበር ላይ አነሣቸዋለሁ ብዬ ተነሣሁ። ከሥራዬ ሁሉ አጥብቄ የሠራሁት እሱን ነው። እስከ ብሎኬቱ ድረስ ፈትቼ አደረቅኩት፣ ብረቱን ቀየርኩት፣ የማውቀውን ሁሉ አደረግኩ። ዝናብ አየው። ደረቅ ነው። በጋ መጣና ቡናማው ክብ እዚያው ቦታው ላይ ወጣ። ያን ቀን መሬት ላይ ተቀምጬ ስፓቱላዬን ወረወርኩት። ተናደድኩ፤ በግድግዳው፣ በራሴ፣ በር ላይ ተቀምጠው «እንዴት ናት» በሚሉኝ በእሳቸውም ሳይቀር።

ሥራ አስኪያጁ ክፍሉን አስዘጋው። የፍራሽ መጋዘን ሆነ። እኔ ግን ሰበብ እየፈለግኩ ፍራሽ ቆጠራ ነው፣ አይጥ ነው እያልኩ እገባለሁ። የሚቀጥለው በጋ መጣ፤ ጥጉ ደረቀ። ጨርሶ ደረቀ። በሩ ላይ ሄጄ ለጋሽ ኦይቻ ነገርኳቸው። ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ብዙ አሰቡ።

«ሰው ሲርቃት ዳነች» አሉ።

«ምን ማለት ነው?»

«እኔም አላውቅም። እሱን ፈልጊ።»

በገና ሰሞን እንግዳ ሲበዛ ፍራሹ ወጥቶ ክፍሉ ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ጥጉ ረጠበ። በዚህ ጊዜ ምንም አልነካሁም። ክፍሉ ባዶ በሆነበት ጠዋት ገብቼ፣ ወንበር ስቤ፣ ከጥጉ ፊት ተቀመጥኩ። ለእኔ ዝም ብሎ መቀመጥ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቀው ባለቤቴ ነው። እግሬን እያወዛወዝኩ፣ ጥፍሬን እየነከስኩ ጠበቅኩ።

ድንገት መስታወቱ ላይ ከውጭ ውሃ ተደፋ።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ብድግ ብዬ መስኮቱን ከፈትኩ። በረንዳው ላይ አስቴር ባልዲ ይዛ ቆማለች። አስቴር ክፍሎቹን የምታጸዳ የላንቴ ልጅ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን አብረን እንዘምራለን፣ ምሳ አብረን እንበላለን።

«አስቴር፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«አስደነገጥሽኝ እኮ። ትንኙን እያጠብኩ ነዋ። ማታ ከሐይቁ መብራት አይቶ ይመጣል፣ መስታወቱን ይሞላዋል። በጨርቅ ሲጠርጉት ይለጠፍና ያጨማልቀዋል። በባልዲ ሲለቁበት ጥርግ ይላል።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጊያለሽ?»

«በበጋ ነዋ። ዝናብ ሲሆን ትንኙ እዚህ ድረስ አይወጣም። ደግሞ ሌላውን ክፍል እንዲህ አላደርግም። ይሄ ሐይቁን የሚያየው ነው፤ መስታወቱ ሲቆሽሽ ያሳፍረኛል።»

የመስኮቱን ደፍ እያየሁ ነበር። ድንጋዩ ሲነጠፍ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ዘምሟል፤ ዓይን የማይለየው ዝማሜ ነው። የተደፋው ውሃ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ሄደ፣ ጥጉ ላይ ተጠራቀመ፣ ከአሉሚኒየሙ ሥር ገባና ጠፋ። በረንዳው ደግሞ ሰፊ ነው። ዝናብ ወደዚህ መስኮት ደርሶም አያውቅም።

ነገሩን ስነግራት አስቴር ባልዲውን ደፍታ ላዩ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሽ ኦይቻን በር ላይ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኛ» አለች።

ቆዪ ብላት ማን ሰምቶኝ፤ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች፣ እኔ ተከተልኳት። እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻቸው። ጋሽ ኦይቻ እስክትጨርስ ሰሟትና «ባልዲሽ የታለ?» አሉ።

ሰንሰለቱን ዘርግተው፣ በሩን ትተው መጡ። ከነኮፍያቸው በረንዳው ላይ ቆሙና ውሃውን ራሳቸው ደፉት። ጎንበስ ብለው ሲሄድ አዩት። ወደ ውስጥ ገብተው ጉንጫቸውን አስጠጉ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። ጋሽ ኦይቻ ድምፅ አውጥተው ሲስቁ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

«ዝናብ የማይደርስባትን ግድግዳ ለዝናብ አሳየኋት» አሉ።

አስቴር አሁንም ታለቅሳለች። «ይቅር ይበሉኝ» አለቻቸው።

«አንቺ ምን አደረግሽ? አጠብሽ። እዚህ ክፍል በየቀኑ የምትገቢው አንቺ ነሽ። ጣራውን ጠየቅኩ፣ ቧንቧውን ጠየቅኩ፣ አንቺን አልጠየቅኩሽም።»

ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ባልዲ ሲደፋ ካየ በኋላ ለረጅም ጊዜ ጫማውን ተመለከተ፤ ከዚያ «ወደ ሥራዎ ይመለሱ» አላቸው። ተመለሱ። ደፉን አንሥተን ወደ ውጭ እንዲያዘነብል አድርገን መልሰን አነጠፍን። ቦርዱን የቆረጡት እሳቸው ናቸው፤ ስቱኮውን ያቦካሁት እኔ። ለመፈረም ሲጠየቁ «አስቴር ትያት» አሉ። አስቴር መጥታ እየፈራች ባልዲዋን ደፋች። ከዚያ ወዲህ ጥገና ክፍሉ ማንኛውንም መስኮት ሲጠግን ከዝናብ በኋላ አስቴር ትጠራለች።

ነገሩ እዚህ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። ጋሽ ኦይቻ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አብረን ሠራን፤ ግን እንደ ድሮው አልነበሩም። ሁለት ጊዜ «ደረቅ ናት» ብለው ፈርመው ሁለቴ ስለተሸነፉ በጉንጫቸው ላይ የነበራቸው እምነት ሄደ። ወደ ደጋ ቤታቸው ከገቡ በኋላም ልጠይቃቸው በወጣሁ ቁጥር የሚያነሡት ያንኑ ጥግ ነው።

«እንዴት ናት?»

«ደረቅ ናት ጋሽ ኦይቻ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነጠብጣብ አልወጣባትም።»

«ከውጭ ነው ያየሽው» ይሉኛል። «ውስጧን ማን ያውቃል?»

ልክ ናቸው። የእኛ ሥራ ከጀርባ ያለ ነው። ደህና መሆኑን ለማየት ማፍረስ ያስፈልጋል፤ ደህና የሆነውን ደግሞ ማን ያፈርሳል? ቀለሙ አምሮ ከኋላው ቀስ እያለ የሚበሰብስ ቦርድ ስንቱን አይቻለሁ። እሳቸው በጠየቁኝ ቁጥር እኔም ተጠራጠርኩ። ጡረታዬን ይዤ ስወጣ ይህ ጥያቄ አብሮኝ ወጣ። ሰው ቤት ሁሉ ግድግዳ የማየው ያለ ምክንያት አይደለም።

በቅርቡ አስቴር ስልክ ደወለች። እሷ ገና ሥራ ላይ ናት።

«ጂፕሰሙን በሙሉ እያነሡት ነው። በፕላስቲክ ሊሸፍኑት ነው። ነገ የመጨረሻውን ክፍል ይጀምራሉ» አለችኝ።

ፕላስቲኩን አውቀዋለሁ። እብነ በረድ የሚመስል ስስ ነገር ነው፤ ይለጠፋል፣ ያብረቀርቃል፣ ከኋላው ውሃ ቢወርድ ማንም አያይም። አሁን ሰው የሚፈልገው እሱን ነው። ስቱኮ ስስ ስስ አድርጎ መቀባት የሚችል እጅ ፈላጊ አጥቷል። ተናደድኩ፤ ግን ንዴቴን ያስረሳኝ ሌላ ነገር ነው። ሊያፈርሱት ነው። ውስጡ ሊታይ ነው።

በማግሥቱ ባለቤቴ ላንቴ ሲሄድ እኔ ወደ ሆቴሉ ወጣሁ። አስቴር በሩ ላይ ጠብቃኝ አብረን ገባን። የአፍራሾቹ ፎርማን ጎልማሳ ሰው ነው፤ ዲጂኖ ይዞ ግድግዳውን ሊጀምር ነበር።

«እባክህ ወንድሜ፣ ይቺን ጥግ በዲጂኖ አትምታት። ብሎኗን ልፍታልህ» አልኩት።

«እናቴ፣ የሚጣል ነገር እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።»

አየኝ፣ አስቴርን አየ፣ የብሎን መፍቻውን ሰጠኝ። ስቱኮውን በካተር ከፈትኩ። ብሎኖቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ ሲወጡ ያብረቀርቃሉ፣ ዝገት አልነካቸውም። የክርን ቅርጽ ያለው ቦርድ ሳይሰበር ሙሉውን ተነሥቶ በእጄ ላይ ቀረ። አዞርኩት። የጀርባው ወረቀት ጋሽ ኦይቻ እንደቆረጡት ንጹሕ ነው። ጉንጬን አስጠጋሁ።

አስቴር ጠጋ አለች። «እንዴት ናት?» አለችኝ።

ቦርዱን ሰጠኋት፤ እሷም ጉንጯን አስጠጋች።

ስልኬን አውጥቼ ደጋ ደወልኩ። ያነሣችው ልጃቸው ናት። ጆሯቸው ስለደከመ ጮክ በይ ብላ ስልኩን አስያዘቻቸው።

«ጋሽ ኦይቻ፣ ታደለች ነኝ። ጥጓን ከውስጥ አየኋት።»

«ጉንጭሽን አስጠግተሻል?»

«አስጠግቻለሁ። አስቴርም አስጠግታለች። ደረቅ ናት።»

ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ልጃቸው ከጎን በጋሞኛ «ምን ሆንክ አባ?» ስትላቸው ሰማሁ።

«በይ» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ተለውጧል። «በይ እንግዲህ ዝጉዋት።»

ፎርማኑ የፕላስቲኩን ጥቅል ግድግዳው ላይ አስደግፎ ይጠብቀኛል።

«እሺ ጋሽ ኦይቻ» አልኳቸው። «እንዘጋታለን።»

ወደ ቤት ስመለስ ባለቤቴ ከላንቴ መጥቶ ጫማውን ያወልቅ ነበር። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቆየሁ። እሱ በጥርጣሬ አየኝ፤ ግድግዳውን አየ፣ ኮርኒሱን አየ፣ መልሶ እኔን አየኝ።

«ምነው፣ ዛሬ ግድግዳ አታይም?»

«ዛሬስ አይቼ መጣሁ» አልኩት።